የጎማ አየር ልክና የጉዞ ደኅንነት፦ ለልማት ሠራተኞችና ለኅብረት ሥራ ማኅበራት የተዘጋጀ

1. መግቢያ

እንደሚታወቀው በደቡብ ጎንደር ማዳበሪያና ምርጥ ዘር ወደ ገበሬው፥ ምርቱም ወደ ገበያ የሚደርሰው በአብዛኛው በጭነት መኪና ነው። ከሐሙሲት በአንበሳሜ በኩል ወደ እስቴ በሚዘልቀው መንገድ፥ እንዲሁም ከወረታ ወደ ደብረ ታቦርና ወደ ጋይንት በሚወጣው መንገድ ላይ ከመኸር ዘር በፊት ባሉት ወራት ማዳበሪያ የጫነ አይሱዙ ሲመላለስ ይታያል። የልማት ሠራተኛውም ከቀበሌ ቀበሌ የሚዘዋወረው ብዙውን ጊዜ በሞተር ብስክሌት ነው።

እኛ የሰብል ባለሙያዎች ስለ ዘር መጠን፥ ስለ ማዳበሪያ አጨማመርና ስለ መዝሪያ ጊዜ ብዙ እንጽፋለን። ማዳበሪያው የሚጓዝበትን ጎማ ነገር ግን ለሾፌሩና ለረዳቱ ትተነዋል። ይሁን እንጂ በመንገድ ላይ የቀረ ማዳበሪያ ለዘር ጊዜ አይደርስም፤ በመንገድ ላይ የጠፋ ሰው ደግሞ በምንም አይተካም።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ አንድ ነገር ማስረዳት ነው። ይኸውም ጭነቱን የሚሸከመው ላስቲኩ ሳይሆን በውስጡ የታመቀው አየር መሆኑን፥ የአየሩም ልክ መታወቅና መስተካከል ያለበት ከጉዞ በፊት፥ ጎማው ቀዝቃዛ ሳለ መሆኑን ነው።

2. አንድ ገጠመኝ

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ከጥቂት ዓመታት በፊት ከደብረ ታቦር አካባቢ የዘር ድንች ጭኖ ወደ ወረታ በሚወርድ መኪና ጋቢና ውስጥ ተቀምጦ ነበር። ከመነሣታችን በፊት ጎማዎቹ አልተለኩም፤ ረዳቱ በብረት እየመታ ድምፃቸውን ብቻ አዳመጠ። ቁልቁለቱን አጋምሰን ስንቆም ረዳቱ ጎማዎቹን በእጁ ዳሰሰና «ሞቀዋል፥ ሊፈነዱ ነው» ብሎ ከሁሉም ላይ አየር አስተነፈሰ። የዚያን ቀን ምንም ሳንሆን ደረስን። ማታ ባዶውን ተመልሰን ደብረ ታቦር አደርን።

በማግስቱ ማለዳ ሁለተኛውን ጭነት ይዘን በዓለም ሳጋ ደን በኩል ስንወርድ የኋለኛው የውስጥ ጎማ ፈነዳ። መኪናው ወደ መንገዱ ዳር ተጎተተ። ሾፌሩ መሪውን አጥብቆ ይዞ፥ ፍሬን ሳይረግጥ ቀስ ብሎ አቆመው። ከላይ የነበሩት ጆንያዎች ግን ተንሸራተው ወደ ገደሉ ወረዱ። ያን ዕለት ማለዳ ሁለት ገበሬዎች ከጭነቱ ላይ ተቀምጠው ለመሄድ ለምነው ነበር፤ እምቢ ያላቸው መጋዘን ጠባቂው ነው። የጆንያዎቹን መበተን ስናይ ሁለቱ ሰዎች ሊቀመጡ የነበረው የት ላይ እንደሆነ ሁላችንም ገባን።

ጥፋቱ የረዳቱ ብቻ አልነበረም። እርሱን ማንም አላስተማረውም፤ መኪናውን ያስጫንነው እኛም አንድ የአየር መለኪያ እንኳ አልያዝንም ነበር። ከዚህ ቀጥሎ ያለው ማብራሪያ ይህ ስሕተት እንዳይደገም የቀረበ ነው።

3. አየር በጎማ ውስጥ የሚሠራው ሥራ

በ1860 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ በጋፋት የተሠራውን ሴባስቶፖል የተባለ መድፍ ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ሲያስጉዙ ጎማ የሚባል ነገር በአገራችን አልነበረም። ወደ 70 ኩንታል የሚመዝነው መድፍ በመንኮራኩር ላይ ተጭኖ፥ ሰው በገመድ እየጎተተው፥ መንገዱም ከፊት ከፊቱ እየተጠረገ ወራት የፈጀ ጉዞ አደረገ። አየር የሌለበት መንኮራኩር ጭነቱን በጠባብ ቦታ ላይ ስለሚያሳርፍ አፈሩ ውስጥ ይሰምጣል፤ የድንጋዩንም ምት ሁሉ ወደ ጭነቱ ያስተላልፋል።

ከዚያ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1888 ጆን ቦይድ ደንሎፕ የተባለ በቤልፋስት ከተማ ይሠራ የነበረ የእንስሳት ሐኪም ለልጁ ባለሦስት እግር ብስክሌት በአየር የተሞላ ጎማ ሠራ። ከእርሱ በፊትም ሮበርት ቶምሰን የተባለ ሰው ይህንኑ አሳብ አቅርቦ ነበር፤ በሥራ ላይ የዋለውና የተስፋፋው ግን ከደንሎፕ በኋላ ነው። የአሳቡ ፍሬ ነገር ዛሬም አልተለወጠም። የታመቀ አየር የጎማውን ግድግዳ ወጥሮ ይይዛል፤ ጭነቱን ይሸከማል፤ የድንጋይን ምት ያበርዳል፤ የጎማው ጥርስ በሙሉ መሬት እንዲይዝ ያደርጋል።

አየሩ ሲጎድል የሚከተሉት ጉዳቶች ይደርሳሉ።

ሀ/ የጎማው ግድግዳ በዞረ ቁጥር ይታጠፋል፥ ይዘረጋል። አንድን ሽቦ ደጋግመን ብናጥፈው እንደሚሞቅና በመጨረሻ እንደሚቆረጥ ሁሉ ጎማውም ይሞቃል፤ በላስቲኩ ውስጥ ያሉት ክሮች ወይም ሽቦዎች ይላቀቃሉ፤ ከዚያም ጎማው በድንገት ይፈነዳል።

ለ/ መሪው ይከብዳል፤ መኪናው በመታጠፊያ ላይ ይወዛወዛል፤ ወደ አንድ ጎንም ይጎትታል።

ሐ/ የጎማው መካከል ወደ ውስጥ ስለሚጎብጥ በዝናብ ጊዜ ውሃውን በደንብ አይገፋም። በሐምሌና በነሐሴ አስፋልት ላይ መኪና እንደ ጀልባ የሚንሳፈፍበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

መ/ ነዳጅ ይበዛል፤ የጎማው ሁለት ዳርና ዳር ፈጥኖ ያልቃል።

አየሩ ከልክ በላይ ሲሆንም ጉዳት አለው። ጎማው በመካከሉ ብቻ መሬት ስለሚነካ የመያዝ ኃይሉ ይቀንሳል፤ በጠጠር መንገድ ላይ ይነጥራል፤ ስለታም ድንጋይ ሲመታውም በቀላሉ ይሰነጠቃል። ስለዚህ «ጭነቱ ስለ በዛ አየር እንጨምርበት» የሚለው አነጋገር መፍትሔ አይደለም። ጭነት ከበዛ የሚቀነሰው ጭነቱ ነው።

4. የሞቀ ጎማ ለምን አይተነፈስም?

አየር ሲሞቅ በጎማው ውስጥ ያለው ግፊት ይጨምራል። ይህ የሚጠበቅ ነገር ነው። የጎማ ሠሪዎች የሚያዝዙት ልክ የቀዝቃዛ ጎማ ልክ ሲሆን በጉዞ ላይ የሚጨምረውን ግፊት አስቀድመው አስበውበታል።

እንግዲህ ረዳቱ የሞቀውን ጎማ አስተንፍሶ ወደ ታዘዘው ልክ ቢያወርደው ምን ይሆናል? ጎማው ሲቀዘቅዝ ግፊቱ ከታዘዘው በታች ይወርዳል። በማግስቱ መኪናው ሲጫን ግድግዳው ከትናንቱ የበለጠ ይታጠፋል፤ የበለጠም ይሞቃል። ረዳቱ እንደገና ሲዳስሰው የባሰ ሞቆ ያገኘዋል፤ እንደገናም ያስተነፍሳል። እንዲህ እያለ መድኃኒት የተባለው ነገር ራሱ በሽታውን ያብሰዋል።

ጎማ ከመጠን በላይ ከሞቀ መፍትሔው ሦስት ነው፦ መኪናውን ጥላ ባለበት ሜዳ ቦታ አቁሞ ራሱ እስኪበርድ መጠበቅ፥ ፍጥነት መቀነስ፥ ጭነት መቀነስ። ውሃ ማፍሰስም አይመከርም።

በቁልቁለት ላይ ደግሞ ሌላ የሙቀት ምንጭ አለ። ፍሬን ሲደጋገም የፍሬኑ ሙቀት በቸርኬው በኩል ወደ ጎማው ይተላለፋል። ስለሆነም ሾፌሩ ቁልቁለቱን ከመጀመሩ በፊት ከባድ ማርሽ አስገብቶ በሞተሩ ኃይል እየተያዘ መውረድ አለበት።

5. ደጋ አድሮ ወደ ወይና ደጋ መውረድ

ደብረ ታቦር ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,700 ሜትር ከፍታ ላይ ስትገኝ ወረታ ወደ 1,800 ሜትር ላይ ናት። በሁለቱ መካከል ያለው መንገድ 40 ያህል ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። በዚህ አጭር ጉዞ ከፍታውም የአየሩም ሙቀት ስለሚለወጥ ብዙ ሾፌሮች ስለ ጎማው ይወዛገባሉ። ጉዳዩን በቁጥር እንየው።

ከፍታ ብቻውን የሚያመጣው ለውጥ ጥቂት ነው። ወደ ላይ ሲወጣ የውጭው አየር ስለሚሳሳ መለኪያው ከፍ ያለ ያሳያል፤ ነገር ግን ልዩነቱ ለ900 ሜትር ከ0.1 ባር አይበልጥም። የሙቀት ልዩነት ግን ከዚህ ይበልጣል። በ8 ዲግሪ ማለዳ ደብረ ታቦር ላይ በ7 ባር የተሞላ ጎማ፥ ወረታ በ28 ዲግሪ ቀትር ላይ ምንም ባይነዳ እንኳ ወደ 7.5 ባር ያህል ያሳያል። በአንጻሩ ወረታ ላይ በቀትር በ7 ባር የተሞላ ጎማ ደብረ ታቦር አድሮ ማለዳ ሲለካ ወደ 6.6 ባር ይወርዳል።

ከዚህ የምንማረው ደንብ ቀላል ነው። መኪናው ባደረበት ቦታ፥ ማለዳ፥ ከመነሣቱ በፊት ይለካ። ደጋ ያደረ መኪና በደጋው ማለዳ ይስተካከል። ትናንት በቀትር ወረታ ላይ ሞልተነዋል ተብሎ ሳይለካ አይጫን።

6. ከጎማው ላይ የሚነበበው ጽሑፍ

በጎማው ግድግዳ ላይ ያሉት ቁጥሮች ለጌጥ የተጻፉ አይደሉም። አስጫኙ የሚከተሉትን ማንበብ መቻል አለበት።

ሀ/ የመሸከም ቁጥር፦ ለምሳሌ በቀላል የጭነት መኪና ጎማ ላይ «122/118» የሚል ቢገኝ፥ 122 ማለት ጎማው ለብቻው ሲታሰር 1,500 ኪሎ፥ 118 ማለት ከጓደኛው ጋር ተጣምሮ ሲታሰር 1,320 ኪሎ መሸከም ይችላል ማለት ነው። ስለዚህ የኋለኞቹ አራት ጎማዎች በአንድነት 5,280 ኪሎ ይችላሉ። የመኪናው የራሱ ክብደት ከዚህ ውስጥ የሚታሰብ መሆኑ አይዘንጋ።

ይህ አቅም የሚገኘው ጎማው የታዘዘለትን አየር ሙሉ በሙሉ ሲይዝ ብቻ ነው። አየሩ ከአምስት እጅ አንዱ እጅ ቢጎድል የመሸከም አቅሙ በግምት 15 ከመቶ ይቀንሳል። ይህም በአራቱ ጎማዎች 790 ኪሎ ያህል ነው፤ በ50 ኪሎ የማዳበሪያ ጆንያ ሲታሰብ 16 ጆንያ ማለት ነው። እንግዲህ አንድም ጆንያ ሳይጨመር፥ አየሩ በመጉደሉ ብቻ፥ መኪናው 16 ጆንያ ከልክ በላይ እንደተጫነ ይቆጠራል። በዚህ ላይ 10 ሰዎች ከጭነቱ ላይ ቢወጡ ሌላ 12 ጆንያ እንደተጨመረ ነው፤ ያውም ከላይ በኩል፥ መኪናውን ለመገልበጥ በሚመች ቦታ።

ለ/ የተሠራበት ጊዜ፦ ከ«ዶት» ምልክት ቀጥሎ በሚገኘው ጽሑፍ መጨረሻ ላይ አራት አኃዞች አሉ። «2319» ቢል በ2019 እ.ኤ.አ. በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ማለት ነው። በፈረንጆች አቆጣጠር ስለሆነ ሲሰላ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ጎማ ጥርሱ ባያልቅም ላስቲኩ ያረጃል። ከስድስት ዓመት ያለፈው በየዓመቱ በባለሙያ ይመርመር፤ አሥር ዓመት የሞላው ይወገድ።

ሐ/ የጥርስ ምልክት፦ በጥርሶቹ መካከል በቦዩ ውስጥ ከፍ ብለው የሚታዩ ጉብታዎች አሉ። ጥርሱ ከእነርሱ ጋር እኩል ከሆነ ጎማው አልቋል። በክረምት ግን እስከዚያ መጠበቅ አይገባም።

የታዘዘው የአየር ልክ የሚገኘው በሾፌሩ በር አካባቢ በተለጠፈው ሰሌዳ ወይም በመኪናው መመሪያ ላይ ነው። በጎማው ግድግዳ ላይ የተጻፈው ደግሞ ከፍተኛው ወሰን ነው። እንዲሁም የጎማው አቅም ቢበልጥም በሊብሬው ላይ ከተጻፈው የመጫን ልክ አይታለፍም።

7. የአለካክ ሥርዓት

1ኛ/ መኪናው ቢያንስ ሦስት ሰዓት የቆመ ይሁን።

2ኛ/ በደኅና መለኪያ ይለካ። በብረት ወይም በእንጨት መትቶ ድምፅ ማዳመጥ ፈጽሞ የተነፈሰውን ጎማ ያሳውቅ ይሆናል እንጂ አምስተኛ እጅ የጎደለውን አይለይም።

3ኛ/ መለኪያው በየትኛው ስፍር እንደተጻፈ ይታይ። 1 ባር 14.5 ፒ.ኤስ.አይ፥ ወይም 100 ኪሎ ፓስካል ነው። ስፍሮቹን ማደባለቅ ብዙ ስሕተት ያመጣል።

4ኛ/ ተጣምረው ከታሰሩት የውስጠኛው አይዘለል። እጅ ለማስገባት ስለማይመች ብዙውን ጊዜ የሚረሳው እርሱ ነው። አንዱ ሲጎድል ጓደኛው የሁለቱንም ጭነት ይሸከማል፤ ስለዚህም ሁለቱም ይጎዳሉ። በመካከላቸው ድንጋይ ተሰንቅሮ እንዳለም ይታይ።

5ኛ/ ተቀያሪው ጎማም ይለካ፤ የቫልቩ ክዳንም ይመለስ።

6ኛ/ ቀዝቃዛ ሳለ ከታዘዘው ልክ ከአምስት እጅ አንድ እጅ ወይም ከዚያ በላይ ጎድሎ የተነዳ የጭነት መኪና ጎማ እንዲሁ አየር ተሞልቶ አይለቀቅም። ተፈትቶ ውስጡ ይመርመር። በግድግዳው ውስጥ ያሉት ሽቦዎች ተጎድተው ከሆነ በሚሞላበት ጊዜ በሰው ፊት ሊፈነዳ ይችላል።

7ኛ/ ጎሚስታው አየር ሲሞላ ማንም ሰው ከጎማው ፊት ለፊት አይቁም፤ ሕፃናትም ይራቁ። በተለይ ቀለበት ያለው ቸርኬ ቀለበቱ ተስፈንጥሮ ሰው ይገድላል። ከጎን ሆኖ፥ በረጅም ቱቦ፥ ጎማውን በብረት አጥር ውስጥ አስገብቶ መሙላት ያስፈልጋል።

8. ስለ ሞተር ብስክሌት፥ ስለ ትራክተርና ስለ ጋሪ

ሞተር ብስክሌት፦ የልማት ሠራተኛው ያለው ጎማ ሁለት ብቻ ስለሆነ አንዱ ሲጎድል የሚተካው የለም። በየሳምንቱ ይለካ፤ ሰው ወይም ዕቃ ከኋላ ሲጫን በመመሪያው መሠረት የኋለኛው ጎማ አየር ይጨመር። ለጭቃ መንገድ ብሎ አየር የቀነሰ ሰው ወደ አስፋልት ሲወጣ መልሶ መሙላት አለበት። ለዚህም የእጅ ፓምፕ መያዝ ይጠቅማል።

ትራክተር፦ በፎገራ ሜዳ ጥቁር አፈር ላይ ሲታረስ መጠነኛ አየር ይመረጣል፤ ጎማው ሰፋ ብሎ ስለሚያርፍ አፈሩን አይጠቀጥቀውም። ከእርሻ ወጥቶ ተሳቢ ጎትቶ በመንገድ ሲሄድ ግን በዚያው አየር መጓዝ አደጋ አለው። ትራክተሩ ይወዛወዛል፤ ተሳቢውም ይገፋዋል። ስለዚህ ለእርሻና ለመንገድ የታዘዙት ልኮች ተለይተው በትራክተሩ ላይ ይጻፉ።

ጋሪ፦ የፈረስ ጋሪ ጎማ አየሩ ሲጎድል የሚደክመው ፈረሱ ነው። ከብት አክም ባለሙያዎች የአንገትና የትከሻ ቁስል ሲያዩ ከመታሰሪያው ሌላ ጎማውንም ይመልከቱ።

9. ጎማ በጉዞ ላይ ቢፈነዳ

ሾፌሩ መሪውን በሁለት እጁ አጥብቆ ይዞ መኪናውን ቀጥ አድርጎ ይያዝ። ፍሬን በድንገት አይርገጥ፤ ነዳጁን ቀስ በቀስ ይልቀቅ። ፍጥነቱ ሲቀንስ ብቻ ወደ ዳር ያውጣ። ከዚያም ከኋላ የሚመጣውን የሚያስጠነቅቅ ምልክት በሩቅ ያስቀምጥ፤ ጎማዎቹን በድንጋይ ያስደግፍ፤ ክሪክ የሚያስገባው ሜዳና ጠንካራ ቦታ ላይ ይሁን። ሞተር ብስክሌት ነጂ ደግሞ የፈነዳው የፊቱ ከሆነ በኋለኛው ፍሬን፥ የኋላው ከሆነ በፊተኛው ፍሬን በዝግታ ያቁም።

10. የማኅበሩ ድርሻ

ብዙ ማኅበራት የራሳቸው መኪና የላቸውም፤ ይከራያሉ። የተከራየ ሁሉ ግን ጭነቱንና ሰውን ለማን እንዳስረከበ የማወቅ ኃላፊነት አለበት። ስለሆነም፦

ሀ/ ማኅበሩ አንድ የአየር መለኪያ ይግዛ። ዋጋው ከጠፋ አንድ ጆንያ ማዳበሪያ ጋር ሲነጻጸር አይከብድም።

ለ/ የመጀመሪያው ጆንያ ከመጫኑ በፊት አስጫኙ ከሾፌሩ ጋር ሆኖ ሁሉንም ጎማ ይለካ። ቀኑን፥ የሰሌዳውን ቁጥርና የእያንዳንዱን ጎማ ልክ በደብተር ይመዝግብ። በየጉዞው የሚጎድል ጎማ ቢኖር በዚህ ደብተር ይታወቃል።

ሐ/ በኪራይ ውሉ ላይ ሦስት ነገሮች ይጻፉ፦ ከሊብሬው በላይ አይጫንም፤ ከጭነት ላይ ሰው አይወጣም፤ የሞቀ ጎማ አይተነፈስም።

መ/ ማዳበሪያ በመጨረሻው ሳምንት ሲጣደፍ ከልክ በላይ መጫን ይበዛል። ስለዚህ ማኅበሩ የማጓጓዣ ዕቅዱን ቀደም አድርጎ ያውጣ፤ አንዱን ጭነት ሁለት ጊዜ ማመላለስ የሚቻልበት ጊዜ ይኑረው።

ሠ/ የልማት ሠራተኛው ይህን ትምህርት ለሾፌሮችና ለረዳቶች በአክብሮት ያስረዳ። ረዳቱ ጎማውን ከማንም ይልቅ የሚያውቅ ሰው ነው፤ ምክንያቱ ከተነገረው ደግሞ ከማንም ይልቅ የሚጠብቀው እርሱ ነው።

11. ማጠቃለያ

ጎማ ውስጥ ያለው አየር አይታይም፤ ስለማይታይም ይረሳል። ነገር ግን ከአንበሳሜ መጋዘን እስከ ጉና ግርጌ ቀበሌዎች የሚጓዘው ጭነት ሁሉ በዚህ በማይታይ ነገር ላይ የተቀመጠ ነው። ማለዳ፥ ጎማው ቀዝቃዛ ሳለ፥ ሁሉንም መለካት አሥር ወይም አሥራ አምስት ደቂቃ ይፈጃል። ከጭነት ላይ ለመሳፈር የሚለምን ገበሬ ሲመጣም እምቢ ማለት ክፋት እንዳልሆነ መጋዘን ጠባቂዎቻችን ይወቁት። ያ ገበሬ ማዳበሪያው የሚደርስለት ሰው ነውና ከማዳበሪያው ጋር በደኅና መድረስ አለበት።